ጓሳ በተመራማሪዎች ዓይን፦ ከቀሮ ሥርዓት እስከ ናኖሜትር

ጓሳ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ የተዘረጋ የውርጭ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል፤ በጥብቅነት የተያዘው ምድር ስፋትም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለተቀመጠ በአንዱ ወገን የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ፣ በሌላው የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ከስፋቱ ጋር የማይመጣጠን ብዙ የምርምር ጽሑፍ ተጽፏል። ስለ ጋራ ይዞታ፣ ስለ ጭላዳ አመጋገብ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ አደን፣ ስለ ጥገኛ ትሎች የወጡ ጥናቶች አሉ። የጥርስ ሽፋን በሜትር ቢሊዮንኛ ክፋይ ደረጃ እንዴት ያልቃል የሚለው የናኖ ሳይንስ ክርክር እንኳ ዞሮ ዞሮ ጓሳ እንደሚባለው ዓይነት ሣር ላይ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የተበታተነ ነው። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከፊሉ ገንዘብ ካልተከፈለበት አይነበብም።

የሣሩን ዕድገት ከማንም ቀድሞ የተከታተለው የመንዝ ገበሬ ነው። ሣሩን በጋራ ያስተዳድርበት የነበረው የቀሮ ሥርዓት መነሻ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ ከሚባሉ አቅኚ አባቶች ጋር ተያይዞ ይነገራል። በዚህ ሥርዓት ጓሳ ለሦስት፣ ሲያሻም እስከ አምስት ተከታታይ ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት የሣሩን ቁመትና የሕዝቡን ችግር አይተው የቀሮው አለቆች ነበሩ። ሲከፈትም በበጋው ጠንካራ ወራት ነበር። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይሰማራበታል፤ ዝናቡ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 አካባቢ፣ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። የታጨደው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ከዝናብ ለሚከልለው ገሳ ይውላል።

ይህን ሥርዓት በሳይንሳዊ ጽሑፍ ያስተዋወቀው ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊ ነው። በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት የጋራ ይዞታውን አስተዳደርና የቀይ ቀበሮን ህልውና አንድ ላይ መረመረ። ከናይጀል ሊደር ዊልያምስ ጋር የጻፈው ጽሑፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሂውማን ኢኮሎጂ በተባለ መጽሔት ታተመ። ጽሑፉ ከመንዝ አልፎ የሚፈለገው ከአንድ የቆየ ክርክር ጋር ስለሚገናኝ ነው። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ የሆነ ሀብት ሁሉ በተጠቃሚዎቹ ስስት መጥፋቱ አይቀርም ሲል ተከራክሮ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም በበኩሏ የጋራ ሀብት የራሱ ሕግ፣ ጠባቂና ቅጣት ካለው ለዘመናት ሊኖር እንደሚችል በብዙ አገሮች ማስረጃ አሳይታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ቀሮ የኦስትሮምን ሐሳብ ከሚደግፉ ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

አድናቆቱ ግን ልክ ሊኖረው ይገባል። የቀሮ መብት የሚገኘው በአጽመ ርስት ነበር፤ ከአቅኚ አባቶች የማይወለድ ሰው እንደ ባለ ርስቱ ሣሩን መጠየቅ አይችልም። ሥርዓቱ ጓሳን የጠበቀው አንዱን አስገብቶ ሌላውን በማስቀረት ጭምር ነው። ስለ ጓሳ ለውጭ አንባቢ የሚጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ይህን አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቀሮም የቆመበት መሠረት ተናደ፤ ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበራት ዞረ፤ መግቢያና መውጫው ላላ። ዛሬ ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ በዙሪያው ካሉ ቀበሌዎች በተውጣጡ ተወካዮች የሚመራ ነው፤ ከቀሮ የወረሰው የመዝጋትና የመክፈቱን ልማድ እንጂ የዘር ሐረጉን አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ጓሳ መንዝ ያወጣው ጽሑፍ ታሪኩን በአጭሩ ይዟል። በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ለጀማሪ አንባቢ ከሁሉ የቀለለው መግቢያ እሱ ነው።

በእንስሳቱ በኩል ትልቁ የዕውቀት ምንጭ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንዊን የተባሉ በካሊፎርኒያ የሚያስተምሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ የጀመሩት የጭላዳ ጥናት ነው። የጥናቱ ዋና ጉልበት ጊዜው ነው። አንድን የጭላዳ መንጋ ለወራት የተመለከተ ሰው የሚያውቀውና ለዓመታት የተከታተለ ሰው የሚያውቀው አንድ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ጆርናል ኦፍ ሂውማን ኢቮሉሽን ላይ የወጣው፣ በሰባት ዓመት ክትትል ላይ የተመሠረተው የአመጋገብ ጽሑፍ ነው። ቀደም ብሎ በሌሎች ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች ጭላዳን ከሣር በቀር ብዙ የማይቀምስ እንስሳ አድርገው ሥለውት ነበር። የጓሳው መረጃ ግን ከዓመት ምግቡ ውስጥ ሣርና ሣር መሰል ተክል 56.8 በመቶ፣ ሌላ ቅጠላ ቅጠል 37.8 በመቶ፣ ነፍሳትና መሰሎቻቸው 2.8 በመቶ መሆናቸውን አሳየ፤ የቀረው 2.6 በመቶ ሌላ ሌላ ነው። የተበሉት የዕፅዋት ዓይነቶች ከ56 አያንሱም። ልዩነቱ ከየት መጣ? የጽሑፉ አዘጋጆች መልስ ቀጥተኛ ነው፦ ሌሎቹ ቦታዎች በእርሻና በከብት የተራቆቱ ሲሆኑ ጓሳ ግን ተፈጥሮው ብዙም ያልተነካ ነው። ጭላዳ ሣር ብቻ የሚበላው ሌላ ሲያጣ ነው ማለት ነው። ይህ ከሆነ ቀሮ ጠብቆ ያቆየው ሣር ብቻ አይደለም፤ እንስሳው በተፈጥሮው ምን እንደሚመርጥ ማየት የሚቻልበትን ሁኔታም ጭምር ነው።

ከዚሁ ክትትል ሌሎች ግኝቶችም ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የበረሃ አንበጣ ጓሳን በወረረ ጊዜ ጭላዳዎቹ ሣሩን ትተው አንበጣ ሲለቅሙ ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጽሑፍ ልጆቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ሬሳውን ከአንድ ሰዓት አንሥቶ እስከ 48 ቀን ተሸክመው እንደቆዩ መዘገበ። አየሩ ብርድና ደረቅ በመሆኑ ሬሳው ሳይፈርስ ይደርቃል። እናቲቱ ሞትን ታውቃለች ወይስ አታውቅም የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም፤ በዚህ ላይ ለውጭ መጽሔቶች የተጻፉት ስሜት የሚነኩ ዘገባዎችም ከጥናቱ በላይ ርቀው ሄደዋል።

ዘገባና ጥናት በግልጽ የተለያዩት በቀይ ቀበሮው ጉዳይ ነው። በጓሳ ቀይ ቀበሮ በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል እየገባ አይጥ ያድናል። ሲገባ አይሮጥም፤ ጭላዳዎቹን እንዳያስበረግግ እርምጃውን ቀስ አድርጎ ያልፋል፤ ጭላዳውም በአጠገቡ ግጦሹን ይቀጥላል። በቪቬክ ቬንካታራማን የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2015 ጆርናል ኦፍ ማማሎጂ ላይ የታተመው ጥናት ብቻውን ያሉ ቀበሮዎች በመንጋው መካከል ሲያድኑ 67 በመቶ፣ ከመንጋው ርቀው ሲያድኑ 25 በመቶ ሙከራቸው እንደሚሳካ አሰላ። ምክንያቱ በእርግጥ አልተለየም። መንጋው ሲግጥ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣ ይሆናል፤ ወይም ቀበሮው ከመንጋው ጋር ተመሳስሎ አይጦቹ ሳያዩት ይጠጋቸው ይሆናል። ዜናው ግን ወዲያውኑ ዝንጀሮ ቀበሮን እያላመደ ነው፣ ውሻም በጥንት ዘመን ከሰው ጋር የተላመደው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል ወደሚል ታሪክ ተለወጠ። ጥናቱ የለካው የአደን ስኬትን ነው። ማላመድ በትውልዶች መካከል የሚወረስ ለውጥ ይጠይቃል፤ ጭላዳው ደግሞ ከቀበሮው ያገኘው ጥቅም በመረጃው ውስጥ አልታየም።

ስለ በሽታ የተጻፈው ጥቂት ቢሆንም ከመንደሩ ኑሮ ጋር በቅርብ ይገናኛል። በጓሳ ጭላዳዎች ላይ የሚታየው ያበጠ ዕጢ የሚመጣው ቴኒያ ሴሪያሊስ ከተባለ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ትሉ የሚያድገው በውሻና በቀበሮ አንጀት ውስጥ ሲሆን ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ወደ ሣሩ ይሄዳል፤ ጭላዳውም ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጽሑፍ ዕጢ ያለባቸው ጭላዳዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ እንደሚል፣ የተያዙ እናቶች ልጆችም ይበልጥ ለሞት እንደሚጋለጡ አመለከተ። ቀይ ቀበሮውን በተመለከተ አስጊዎቹ የእብድ ውሻ በሽታና የውሾች ዲስተምፐር ናቸው፤ ሁለቱም ከመንደር ውሻ ይሻገራሉ። በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ስለሚገመት የአንድ ወረርሽኝ ጉዳት ከባድ ነው።

የናኖ ሳይንሱ ጉዳይ የሚጀምረው ከሣሩ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ሲሆን የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይደርሳል። ሣር ከአፈር በውኃ የሟሟ ሲሊካ ይስብና በቅጠሉ ህዋሳት ውስጥ ያጠራቅመዋል። የተጠራቀመው ሲሊካ ፋይቶሊት የሚባሉ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ብርጭቆ መሰል ቅንጣቶችን ይሠራል። የሣር ቅጠል እጅ የሚቆርጠው በእነዚህ ምክንያት ነው። ሣር የሚበሉ እንስሳት ጥርስ ረጅምና ቶሎ የማያልቅ ሆኖ የተፈጠረው ሲሊካውን ለመቋቋም ነው የሚለው አስተያየት ለብዙ ዘመን ያለ ጥያቄ ሲጠቀስ ኖሯል። ጭላዳም ከዝንጀሮዎች ሁሉ ሣር በመጋጥ የሚኖር ብቸኛው በመሆኑ የዚህ ሐሳብ ዋና ምሳሌ ሆነ።

ሐሳቡ በመሣሪያ ሲፈተን ችግር ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ2013 በፒተር ሉካስ የተመራ ቡድን ቅንጣቶችን አንድ በአንድ በጥርስ ሽፋን ላይ እየጫነና እየጎተተ የተፈጠረውን ጭረት በናኖሜትር ለካ። የኳርትዝ አቧራ ከሽፋኑ ቆርሶ ያነሣል፤ ፋይቶሊት ግን ሽፋኑን ተጭኖ ያሰረጉደዋል እንጂ የሚያነሣው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥርስ የሚጨርሰው ሣሩ ሳይሆን በሣሩ ላይ ያለው አቧራ ነው ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቻይናና ከአሜሪካ የተውጣጡ፣ ጂንግ ሺያና ፒተር ኡንጋር ያሉባቸው ተመራማሪዎች በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ተቃራኒውን ጻፉ። የጥርስ ሽፋን ስፋታቸው በአሥሮች ናኖሜትር በሚቆጠር ክሪስታሎች የተሠራ ነው፤ ክሪስታሎቹን የሚያያይዛቸው ፕሮቲን ነው። ከክሪስታሎቹ የለሰለሰ ነገርም ቢሆን ማያያዣውን በጥሶ አንድ አንድ ክሪስታል ሊያወጣ እንደሚችል፣ ከጥርስ በሚለሰልሱ የብረት ዓይነቶች ሳይቀር ሞክረው አሳዩ። እንደ እነርሱ ከሆነ ፋይቶሊትም ጥርስ ይጨርሳል ማለት ነው።

ሁለቱም ሙከራዎች በላቦራቶሪ የተደረጉ ናቸው፤ እንስሳው ሲያኝክ አልታየም። በዚህ በኩል የጓሳ ጥናት ቀላል በሆነ ዘዴ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጽሑፍ የጭላዳን ፍግ በተለያየ የወንፊት ዓይን እያጠበ ያልደቀቀውን ቅንጣት ለክቷል። ቅንጣቱ ከተለቀ እንስሳው በደንብ አላኘከም ማለት ነው። በበጋ ለምለሙ ቅጠል ሲያልቅ ጭላዳው ሥርና ግንድ ለመቆፈር ይገደዳል፤ ምግቡም ይጠነክራል፤ ጥርሱ ላለቀበት ያረጀ ጭላዳ ችግሩ የሚከፋው በዚያን ጊዜ ነው። ከሥር ጋር ደግሞ አፈር ይበላል። የመንዝ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ላይ የቆመ ነው፤ ባዛልትም በተፈጥሮው ኳርትዝ እምብዛም የለውም። እንግዲህ የአቧራው ሐሳብ ትክክል ከሆነ የጓሳ ጭላዳ ጥርስ ኳርትዝ በሞላበት አገር ከሚኖር እንስሳ ጥርስ ዘግይቶ ማለቅ ነበረበት፤ ነፋስ ከሩቅ የሚያመጣው አቧራ ካልደረበበት በቀር። ይህን ለመለየት የአፈሩንና በቅጠሉ ላይ ያረፈውን አቧራ ማዕድን በኤክስሬይ መመርመር ይበቃል፤ ሥራውም በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ሊሠራ የሚችል ነው።

በኢትዮጵያ የናኖ ቴክኖሎጂ ሥራ ገና ወጣት ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከልህቀት ማዕከሎቹ አንዱን ለናኖ ቴክኖሎጂ ሰጥቷል፤ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ዘርፉን ከሥራዎቹ መካከል ይቆጥረዋል። ከእነዚህና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡት ጽሑፎች ይበልጡን ውኃ በማጣራት ላይ፣ በተለይም በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ የሚገኘውን ፍሎራይድ በማስወገድ ላይ፣ እንዲሁም ከዕፅዋት ጭማቂ የብርና የዚንክ ውህድ ናኖ ቅንጣቶችን በመሥራት ላይ ያተኩራሉ። የመጀመሪያው የአገሩን ችግር የሚነካ ነው። ሁለተኛው ግን ተክሉን እየቀያየረ አንዱን ሙከራ የሚደግም ጽሑፍ የበዛበት መስክ ነው፤ ቅንጣቱ ተሠራ ከሚለው ዜና ይልቅ ምን ሠራ፣ ማንን ጎዳ የሚለውን ጥያቄ የመለሰ ጥናት ብርቅ ነው።

የዘረመል ጥናቱ ደግሞ ከናኖው ወረድ ብሎ ወደ ሞለኪዩል ይደርሳል። የጭላዳ ሙሉ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን በተባለው መጽሔት ታትሟል። ጽሑፉ ለከፍታ ኑሮ የተመቻቹ ጂኖችን ከመፈለግ ሌላ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አግኝቷል፦ የሰሜኑ ጭላዳ፣ ማለትም የሰሜን ተራሮች ወገን፣ ክሮሞሶም ቁጥሩ 44 ሲሆን የመካከለኛው ደጋ ወገን 42 ነው። ሰሜኖቹ አንዱ ክሮሞሶማቸው ለሁለት ተከፍሏል። የጓሳ ጭላዳ የመካከለኛው ወገን ነው። ልዩነቱ ሁለቱ ወገኖች ቢገናኙ የሚወለደውን ሊያመክን ስለሚችል በአንዱ ቦታ ያለቁትን ለመተካት ከሌላው ቦታ ጭላዳ ማምጣት የሚለው ሐሳብ እንደ ቀድሞው ቀላል አይሆንም።

ከላይ የሚታየው ጓሳ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጻ ይገኛሉ፤ የአውሮፓው ሴንቲነል ሁለት ምድርን በ10 ሜትር ጥራት ያሳያል። ከእነዚህ የተቃጠለና የታጨደ ቦታን፣ የእርሻ ድንበር ወደ ጓሳ መግፋቱንና አለመግፋቱን መከታተል ይቻላል። የማይቻለው ሣርን ከሣር መለየት ነው፤ ጓሳ የሚባለው ሣር በሌላ ሣር ተተክቶ ቢሆን ምስሉ ያው አረንጓዴ ነው፤ ለዚህ መሬት የወረደና ዕፅዋቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በስምንት ቅጽ የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም እስካሁን የሚተካቸው አልተገኘም።

ጽሑፎቹን ለማግኘት መንገዶቹ እኩል አይደሉም። የኬንቱን ዶክትሬት ጥናት የመሰሉ የመመረቂያ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲዎቹ የመረጃ ቋት ይገኛሉ፤ በአገር ውስጥም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋት ስለ ደጋ ሥነ ምህዳር የተሠሩ ብዙ የማስተርስ ጽሑፎችን ይዟል። ሳይነት የተባለው የኢትዮጵያ ሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይወጣል፤ እርሱና ሌሎች የአገር ውስጥ መጽሔቶች በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ተሰብስበዋል። የውጭዎቹ መጽሔቶች ግን አጭር መግለጫውን በነጻ ሰጥተው ሙሉውን ብዙ ጊዜ ይቆልፋሉ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ይከፍታቸዋል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተመዘገበ ተቋም እንጂ ለግለሰብ ባለመሆኑ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊያነበው የሚችለውን የመሐል ሜዳ መምህር ላያገኘው ይችላል። ለእንዲህ ያለው አንባቢ የቀረው መንገድ በጽሑፉ ግርጌ ወደተጻፈው የደራሲው ኢሜይል ቅጂ እንዲላክለት መጠየቅ ነው፤ ደራሲው የራሱን ጽሑፍ ለጠየቀው ሰው መላክ የተለመደ አሠራር ነው።